ሰሜን የተባለው ግድግዳ

የሴቶቹ እስር ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈትልኝ መጀመሪያ የነቀዘ ባቄላ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ አይጥ፣ ከዚያ ሰው። መስኮት የለውም። ቆርቆሮው ላይ ሚስማር የወለቀበት ቀዳዳ ስላለ ብርሃን በእሱ ይገባል። ወለሉ ላይ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ከወገዳ የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ ለወንበዴ ጨውና ጨርቅ ሸጠዋል ተብለው ነው የታሰሩት። ሁለተኛዋ እኔ የማስተምርበት ቀበሌ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ስለተሰወረ፣ እሱ እስኪገኝ በምትኩ እናቱን አስቀምጠዋል።

ነጋዴዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "አንቺስ ምን አድርገሽ ነው?" አሉኝ።

"ጭቃ አቡክቼ።"

"ቤት ልትሠሪ?"

"አገር ልሠራ።"

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እውነቴን ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አራተኛ ክፍልን የኅብረተሰብ ትምህርት አስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ የቆመው በአንድ ረጅም ኮረብታ ጀርባ ላይ ነው፤ በሰሜን በኩል አንድ ገደል፣ በደቡብ በኩል ሌላ ገደል አለ። መጽሐፉ ስለ ካርታና ስለ አቅጣጫ አንድ ምዕራፍ ነበረው። ልጆቹ በቃላቸው ይወጡታል፤ ሰሜን ከላይ፣ ደቡብ ከታች፣ ምሥራቅ በቀኝ፣ ምዕራብ በግራ። "በሉ ሰሜንን አሳዩኝ" ስላቸው ግማሾቹ ጥቁር ሰሌዳውን፣ ግማሾቹ ጣሪያውን አሳዩኝ። እነዚህ ውሽንፍር በየት በኩል እንደሚመጣ አውቀው የተወቃ እህል የሚከድኑ ልጆች ናቸው። ክፍል ሲገቡ ግን የሚያውቁትን ሁሉ በር ላይ ጥለው ይገባሉ፤ የመጽሐፉ አገር የእነሱ አገር አይመስላቸውም።

መጽሐፉን ዘግቼ ይዣቸው ወጣሁ። ግቢው ውስጥ አገራቸውን በጭቃ ሠሩት። ኮረብታውን ከመሩ፣ ገደሎቹን በጣታቸው ጠረቡ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የሲኒ ስባሪ ደፉ፣ ለማሳው ገለባ፣ ለመንገዱ አመድ ነሰነሱ። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፤ ጭቃው እንደ አገሩ ይተኛል። በፀሐይ መውጫ ያለው በፀሐይ መውጫ፣ በመጥለቂያ ያለው በመጥለቂያ። ያን ሰሞን ከትምህርት የቀረ ልጅ አላየሁም። ዓመቱን ሙሉ ድምፃቸውን ያልሰማሁት ሁሉ ይከራከሩ ጀመር።

"የእናንተ ቤት ከምንጩ በላይ ነው።"

"በታች ነው። ውሃ የምቀዳው እኔ፣ የምታውቀው አንተ?"

አንዲት ልጅ በደቡቡ ገደል ግርጌ በጣቷ ቀዳዳ አበጀች። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ዋሻ ነው። ወንድሜ…" አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ዙሪያዋ የነበሩት ልጆችም ወደ ጭቃቸው አጎነበሱ። ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆኜ ስለ ምንጩ መጠየቅ ጀመርሁ። የዚያች ልጅ እናት ናቸው፣ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ያገኘኋቸው።

ካድሬው የመጣው ጭቃው ገና ሳይደርቅ ነው። ለስብሰባ ነበር የመጣው። ከሌላ አገር ተልኮ፣ አጭር ሥልጠና ወስዶ፣ በኛ ላይ የተሾመ ሰው ነው። ጭቃውን ዞሮ ዞሮ አየው። መኮንኖች ከውጊያ በፊት ለወታደሩ ለማስረዳት በአሸዋ የሚሠሩትን ዓይነት ነገር በሥልጠናው ቦታ አንድ ቀን አይቷል መሰለኝ፤ ሌላ ያየው ነገር ስለሌለ ይህም ያው ሆነበት።

"ይህ ለወንበዴ የተዘጋጀ ነው፤ ማስረጃ ነው" አለ። ከዚያ በቦት ጫማው ረጋገጠው። ማስረጃ ነው ያለውን ነገር ራሱ ረግጦ አጠፋና፣ ስለ ማስረጃው ተናገሪ ብሎ እኔን ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወሰደኝ።

እስር ቤት ከገባሁ ጥቂት ቆይቶ አንድ ጠቋሚ፣ የጠፉት ጎረምሶች በዚያ አገር በአንድ ዋሻ ውስጥ እንዳሉ ለካድሬው ነገረው። ያኔ የረገጠው ጭቃ ትዝ አለው። አስጠራኝ።

"ጓዲት፣ ያን ነገር እንደገና ትሠሪዋለሽ።"

"ለምን፣ ጓድ?"

"ቀዳዳ ነበረበት። የት ላይ እንደነበረ ታሳይኛለሽ።"

"አላስታውስም።"

"ግድ የለም። ተማሪዎችሽን በመኪና አስመጣቸዋለሁ። እነሱ ያስታውሳሉ።"

ልጆቹን እንዳያስመጣቸው ብዬ እሠራለሁ አልሁት።

ወደ መጋዘኑ ተመልሼ አሰብሁበት። ዋሻው ያለው በደቡቡ ገደል ነው። በሰሜኑ ገደል ዝንጀሮ እንጂ ሰው አይውልበትም። ቀዳዳውን በሰሜኑ ላይ አደርገዋለሁ ብዬ ቆረጥሁ። ለእናትየዋ አልነገርኋቸውም። ዘበኛው ከበሩ ተደግፎ የሚውል፣ የሰማውንም ያልሰማውንም ለካድሬው የሚያደርስ ሰው ነበር።

በማግስቱ ጧት ወደ ቢሮው ወሰዱኝ። ቢሮውና መጋዘኑ አንድ ረድፍ ናቸው፤ በሮቻቸውም አንድ ወገን ያያሉ። ስገባ የጧት ፀሐይ ግራ ጉንጬን ትሞቀኝ ስለነበር ፊቴ ወደ ደቡብ መሆኑን አወቅሁ። ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ የአገሪቱ ካርታ ተሰቅሏል፤ ከካርታው በላይ የሊቀ መንበሩ ፎቶ። ካድሬው ጥይት ይመጣብኛል ብሎ የመስኮቶቹን መዝጊያ በሚስማር አስመትቶት ነበር። በጠራራ ፀሐይ በፋኖስ ይሠራል። ሲጋራ የሚያጨስ አንድ የመቶ አለቃ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወለሉ ላይ አንድ ጆንያ አፈር፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ የአመድ ጣሳ፣ የሲኒ ስባሪና ጠጠር ተዘጋጅቷል።

ተንበርክኬ ሠራሁ። ለልጆቹ ያስተማርሁትን ደንብ ራሴ ላፈርሰው አልፈለግሁም፤ ጭቃውን እንደ አገሩ አስተኛሁት። የሰሜኑ ገደል ወደ በሩ፣ የደቡቡ ገደል ወደ ካርታው ግድግዳ ሆነ።

ካድሬው ዱላውን ይዞ ላዬ ላይ ቆመ። "ሰሜኑ በየት ነው?"

"በበሩ በኩል" አልሁ።

ሳቀ። ወደ መቶ አለቃው ዞሮ፣ "መምህራኖቻችንን አየሃቸው ጓድ? ሕዝብ ያስተምራሉ የምንላቸው እነዚህን ነው" አለ። ከዚያ ወደ እኔ፣ "ካርታ አይተሽ አታውቂም? ሰሜን ወደ ላይ ነው።" በዱላው የካርታውን ጫፍ መታ። "ይኸው፣ ቀይ ባሕር ይኸው። ሰሜን በዚህ ግድግዳ በኩል ነው።"

ከወረቀት ቀደደ፣ "ሰሜን" ብሎ ጻፈ፣ ጎንበስ ብሎም በግድግዳው በኩል ካለው ገደል ጫፍ ላይ ተከለው። ከአራተኛ ክፍል ልጆቼ በምንም አልበለጠም። እነሱ ግን ሲስቁባቸው ያፍሩ ነበር።

ስህተት ስሰማ አፌ ራሱ ይከፈታል፤ የአስተማሪ ነገር ነው። ተከፈተ። ከዚያ ዘጋሁት።

ነገሩን በልቤ አዞርሁት። እንዳቀድሁት ቀዳዳውን በበሩ በኩል፣ በዝንጀሮው ገደል ላይ ባደርገው፣ ይህ ሰው "ደቡብ" ብሎ ይጽፈዋል። ወታደሮቹም ደቡብ ብለው ሄደው ልጁ ላይ ይወድቃሉ። የተዘጋጀሁበት ውሸት ልጁን ያስይዘዋል። ቀዳዳውን በእውነተኛው ቦታ ካደረግሁት ግን "ሰሜን" ብሎ ይጽፋል፣ ወታደሮቹም ወደ ዝንጀሮው ይሄዳሉ። ልዋሽ ተዘጋጅቼ መጥቼ እውነት እንድናገር ያስገደደኝ እሱ ነው።

የመቶ አለቃው ከወንበሩ ተነሣ። ከካድሬው ይልቅ የፈራሁት እሱን ነበር።

"መንገዱስ?" አለኝ። "ከዚህ ከመካነ ኢየሱስ የሚመጣው በየትኛው ጫፍ ነው የሚገባው?"

መንገዱ የሚገባው በምዕራብ በኩል ነው፤ በካድሬው ወረቀት ከተለካ ግን ምሥራቅ ይሆናል። በትክክል ባሳየው፣ ወረቀቱ በተቃራኒው መተከሉን ወዲያው ይደርስበታል። የአመዱን ጣሳ አነሣሁና ከኮረብታው ዳር እስከ ዳር አንድ መሥመር ነሰነስሁ።

"የኮረብታውን ጀርባ ይዞ ያልፋል፣ ጌታዬ።"

ጥቂት አየው። ራሱን ነቀነቀና ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ እናትየዋን አስገቧቸው። ካድሬው ምስክር ያስፈልገኛል ብሏል። ነጠላቸውን አጣፍተው ጭቃው ፊት ቆሙ። ዓይናቸው የሲኒው ስባሪ ላይ፣ ከዚያ ከምንጩ በታች ያለችው ጠጠር ላይ ሲያርፍ አየሁ። የእሳቸው ቤት ናት።

"ይህን ታውቂዋለሽ?" አላቸው ካድሬው።

"ጭቃ ነው ጌታዬ።"

"የምን ጭቃ?"

"እኔ ምን አውቄ። ልስን ልትለስኑ ይሆናል።"

"አገርሽ ነው!"

"አገሬማ ሰፊ ነው። እዚህ ቤት አይገባም።"

የመቶ አለቃው ፊቱን ወደ ሲጋራው አዞረ።

"ዋሻ አለ ወይስ የለም?"

"ገደል ባለበት ዋሻ መች ይጠፋል። ጅብም ቤት ያስፈልገዋል።"

ካድሬው ዱላውን አነሣ፤ ከዚያ ትዝ ያለው ነገር እንዳለ ሁሉ አወረደውና ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ፣ አሳዪ።"

በግድግዳው በኩል ካለው ገደል ግርጌ፣ ልጃቸው ጣቷን ባሳረፈችበት ቦታ፣ ጣቴን አስገባሁ። አንዲት ስንዝር አላዛነፍሁም። ካድሬው ደስ ብሎት "ሰሜናዊ ገደል" ብሎ ጻፈና ለመቶ አለቃው ሰጠው።

እናትየዋ አንድ ጊዜ አዩኝ። ዳግመኛ አላዩኝም።

መጋዘን ስንመለስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። ነጋዴዋ ምን እንደሆነ ጠየቋቸው።

"ልጄን በጣቷ ወጋችው" አሉ።

ነጋዴዋ ወደ እኔ ተመለከቱ።  በሹክሹክታ ልነግራቸው እችል ነበር፤ ግን ምን ብዬ? ካድሬው ሰሜንን አያውቀውም ብል የከሃዲ ሰበብ እንጂ ሌላ አይመስላቸውም። በዚያ ላይ ቢጮሁብኝ ዘበኛው ይሰማል። በማስተማር ከተረዳሁት ነገር አንዱ፣ ሰው የነገሩትን ሳይሆን ራሱ የደረሰበትን እንደሚያምን ነው። እንዲደርሱበት ማድረግ ነበረብኝ።

ከሰዓት በኋላ ነጋዴዋ ተነሥተው እንደ ልማዳቸው ወደ በሩ ዞረው ሰገዱ። ሲጨርሱ ዘበኛውን፣ "አንተ ልጅ፣ እንዲያው ከፊቴ ዘወር ብትል ምን አለበት? አላህ የሰገድሁት ለአንተ እንዳይመስለው" አሉት።

"ቢመስለው ምን ይላል?" አለ።

"ምርጫዬን ይታዘባል።"

እያጉረመረመ ጥቂት ከበሩ ራቅ አለ። የተረፈኝን ቂጣ አውጥቼ በወለሉ ላይ፣ ወደ እናትየዋ ጎን ጠጋ አድርጌ አስቀመጥሁት። እንደ ኮረብታው አስተኛሁት። በሁለቱ ጎን በጣቴ ቦረቦርሁት። ልክ ጧት እንዳደረግሁት፣ ከበሩ ራቅ ባለው ጎን ግርጌ ቀዳዳ አበጀሁበት። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነጋዴዋን ጠየቅኋቸው።

"እትዬ፣ ወደየት ነው የሚሰግዱት?"

"ወደ መካ ነዋ።"

"መካ ከኛ አገር በየት በኩል ነው?"

"በሰሜን ነው። ምነው፣ ልትሰልሚ አሰብሽ?"

"በሰሜን ካሉ ታዲያ በሩ በየት ሆነ?"

"በሰሜን።"

"ጓዱ ግን ሰሜን በዚያኛው ግድግዳ ነው ብሎ አስተማረኝ። ካርታው በተሰቀለበት። ወረቀትም ተከለበት።" ጥቂት ገለባ አንሥቼ ከቀዳዳው አጠገብ በቂጣው ላይ ተከልሁ። "እዚህ ላይ።"

ነጋዴዋ ገለባውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ የኋላውን ግድግዳ አዩ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲረጋጉ በሹክሹክታ፣ "ዕድሜ ልኬን ጀርባዬን ሰጥቼ ነዋ የሰገድሁት። አንድ ካድሬ ቀደም ብሎ ቢመጣልኝ ኖሮ" አሉ።

እናትየዋ ፊታቸው አሁንም ወደ ግድግዳው ነበር፤ አንገታቸው ግን ዞሯል። ቂጣውን አዩት። ብዙ ቆዩ። ጣታቸውን ዘርግተው ቀዳዳዋን፣ ከዚያ ገለባውን ነኩ። ከዚያም በዚያኛው ጎን፣ ባዶው ገደል ላይ፣ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ወታደሮቹ እንግዲህ ወደ ዝንጀሮው ናቸዋ" አሉ።

"እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።"

 ፊታቸውን ከግድግዳው አነሡ። ነጋዴዋ ቂጣውን አንሥተው፣ "አገሩ ሳይደርቅ እንብላው" አሉና ቆረሱት። ለእኔ አንዱ ገደል ደረሰኝ። ጨው አልነበረውም።

ወታደሮቹ ሄደው ተመለሱ። ጥቂቶቹ እያነከሱ ነበር። ዝንጀሮ ድንጋይ አንከባሎባቸዋል ተባለ። ኮምፓስ ይዘው ነበር፤ ኮምፓሱም አልተሳሳተም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰሜን ወደሚገኘው ገደል በትክክል አድርሷቸዋል። ነጋዴዋ በበሩ ስንጥቅ እያዩ ዘበኛውን፣ "ስንት ማረኩ?" ሲሉት ሳቁን መደበቅ አቅቶት ወደ ሽንት ቤት ሄደ።

ከዚያ በኋላ እናትየዋ ስንቅ መጣላቸው። ያመጣችው ያች ተማሪዬ ናት። ዘበኛው ፊት ቆማ፣ እኔን እንደማታውቀኝ ሆና፣ "እማዬ፣ ያ ጥጃ ተኩስ ሰምቶ ደንግጦ ቆላ ወርዷል። ዓባይን ተሻግሮ ዘመድ ጋ ገብቷል፤ አታስቢ" አለቻቸው። እናትየዋ፣ "ይግባ፤ ሣር ካገኘ" ብለው አገልግሉን ተቀበሉ። ያን ዕለት ከአገልግሉ ውስጥ መጀመሪያ ያጎረሱት እኔን ነው።

ካድሬው በማግስቱ አስጠራኝ። ብቻውን ነበር። ፋኖሱ ይጨሳል። ጭቃው ወለሉ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ወረቀቱ እንደተተከለ ነው።

"አታለልሽን" አለኝ።

"ቀዳዳውን አሳዪ አሉኝ፤ አሳየሁ።"

 የመቶ አለቃው አንድ ነገር ሳይለው አልቀረም፤ ዓይኑ ከወረቀቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ካርታው ይመላለስ ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከበር ውጭ ያለው ዘበኛ እንዳይሰማው የፈለገ ይመስለኛል።

"ሰሜን በየት ነው?"

ልጁ ዓባይን ተሻግሯል። አሁን ብናገር የሚጎዳ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። አላውቅም ብለው፣ ወይም እርስዎ እንዳሉት ነው ብለው ኖሮ፣ በዚያው ያልቅ ነበር፤ እንዲህ እንድለው እየለመነኝ እንደነበረም ገብቶኛል። ተማሪ ግን ሲጠይቅ እንዲያ አይመለስለትም።

"ከዚህ ክፍል ሆኖ አይታወቅም" አልሁት። "ውጭ መውጣት ያስፈልጋል።"

በሩ ሦስት እርምጃ እንኳ አይርቅም። ፀሐይዋ እየዘቀዘቀች ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቅ ቢል ያያታል። ተቀምጦ ቀረ። ዘበኛውን ጠርቶ "መልሳት" አለው። እናትየዋም ነጋዴዋም ሲፈቱ፣ በዚያች መልስ ምክንያት እኔ ብቻዬን መጋዘኑ ውስጥ ከረምሁ። ክረምቱ በዚያ የሚስማር ቀዳዳ ያንጠባጥብ ነበር።

ይህን ሳጫውት ሰዎች ብልሃቴን ያደንቁልኛል። ብልሃት አልነበረም። ልጁን ያተረፈው የዚያ ሰው ድንቁርና ነው፤ እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ድንቁርናውን አለማቋረጥ ነው። ከእስር በኋላ ወደ ማስተማር ተመለስሁ፣ በጡረታም ወጣሁ። አቅጣጫ ሳስተምር አንድም ቀን በክፍል ውስጥ አላስተማርሁም።

ካድሬውን ከመንግሥት ለውጥ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አይቼዋለሁ፣ ደብረ ታቦር፣ ለቅሶ ቤት። ሸምግሏል። አጠገቤ ተቀምጦ፣ "እንተዋወቃለን?" አለኝ። "አንድ ቀን ላስተምርዎት ሞክሬ ነበር" አልሁት። "የለም፤ እኔ የተማርሁት አዲስ አበባ ነው" አለና ንፍሮውን መቆርጠም ቀጠለ።

ስለ እስሩ ይቅር ብዬዋለሁ። ከልቤ ነው። እሱን መናቄን ግን ልተው አልቻልሁም፤ ለነፍስ አባቴም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ። "መናቅም ኃጢአት ነው ልጄ" ብለው ስግደት ሰጡኝ። ጧት ጧት እሰግዳለሁ፤ ወደ ምሥራቅ።